የተጠራ ሞጁል ለምን አይመጣም?

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በኮምፒዩተር ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር



የንግግራችን ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይኸውም ፐርል በሚባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ ፕሮግራም ሲጻፍ፣ ሞጁል የሚባለው የፕሮግራም ክፍል ተጠርቶ አልመጣ ሲል ምን ማድረግ እንደሚገባ የሚመለከት ነው። ነገሩ የጥቂት ሰዎች ጉዳይ መስሎ ቢታይም፣ ታላላቆች የሠሩትን ሥራ ታናናሾች እንዴት ሊረከቡት ይገባል የሚለውን ጥያቄ ስለሚነካ፣ ለዚህ በዓል የማይስማማ አይደለም ብለን እናምናለን።

ነገሩን ያነሣንበት ምክንያት ይህ ነው። ከእኛ በፊት በክበቡ የነበሩት ታላላቆቻችን የቀድሞ ተማሪዎችን ስም፣ ወደ ትምህርት ቤቱ የገቡበትንና የጨረሱበትን ዓመት የሚመዘግብ ፕሮግራም በፐርል ጽፈው አስረክበውናል። ፕሮግራሙ በክበቡ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ዘወትር በደኅና ይሠራ ነበር። ለዚህ በዓል ሲባል ወደ አዲስ ኮምፒዩተር በተዛወረ ጊዜ ግን፣ አንዲት ፊደል ሳትለወጥበት «ተማሪ የሚባለውን ሞጁል ላገኝ አልቻልሁም» የሚል መልእክት ሰጥቶ ቆመ። ሞጁሉ ግን እዚያው ከፕሮግራሙ ጎን ተቀምጦ በዓይናችን ይታየን ነበር። ከመካከላችን ግማሹ «ያረጀ ነውና ይጣል፤ እንደ ገና ይጻፍ» አለ። ግማሹም «በሆነ ዘዴ እናስነሣው እንጂ ምክንያቱን መመርመር ጊዜ ማጥፋት ነው» አለ። በዓሉ ቀርቦ፣ የቀድሞ ተማሪዎችም ስማቸውን በመዝገቡ ለማየት ይጠባበቁ ስለ ነበረ ጉዳዩ ቀላል አልነበረም። በመጨረሻ ግን ከመጣልም ከመጠገንም በፊት ምክንያቱን ለማወቅ ተስማማን፤ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላልና።

እንግዲህ በመጀመሪያ ስለ ቋንቋው ጥቂት እንበል። ፐርልን የፈጠረው ላሪ ዎል የሚባል አሜሪካዊ ነው። የመጀመሪያውን ፐርል ለሕዝብ ያወጣው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 18 ቀን 1987 ነው። ዛሬ የምንነጋገርበት የሞጁልና የኦብጀክት አሠራር የመጣው ግን እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 17 ቀን 1994 በወጣው በአምስተኛው ፐርል ነው። በሚከተለው ዓመት በ1995 ደግሞ ሲፓን የሚባለው የሞጁሎች ጎተራ ተከፈተ። በልዩ ልዩ አገር ያሉ ጸሐፊዎች ሠርተው ያለ ዋጋ የሰጧቸው ሞጁሎች በዚያ ይከማቻሉ፤ ቁጥራቸውም ዛሬ ከ200,000 በላይ ሆኗል።

ሞጁል የሚያስፈልግበት ምክንያት ግልጽ ነው። አንድ ትልቅ ሥራ በአንድ ፋይል ውስጥ ተጨናንቆ ቢጻፍ ለማንበብም ለማረምም አስቸጋሪ ስለሚሆን፣ በየፈርጁ ተከፋፍሎ በየራሱ ፋይል ይቀመጣል። ክላስ የሚባለው እንደ ባዶ የመመዝገቢያ ቅጽ ነው ብንል፣ ኦብጀክት ማለት ያው ቅጽ በአንድ ተማሪ ስምና ዕድሜ ተሞልቶ ሲገኝ ነው። በፐርል ኦብጀክት የሚሠራው «ብለስ» በሚባል ትእዛዝ ነው። ቃሉ በእንግሊዝኛ «ባርክ» ማለት ሲሆን፣ አንድን ተራ መረጃ «አንተ ከእንግዲህ የዚህ ክላስ ነህ» ብሎ መመስከር ነው። በኦብጀክቱ ላይ የሚፈጸሙት ሥራዎችም ሜተድ ይባላሉ። ከእነርሱም አዲስ ኦብጀክት የሚያስገኘው በልማድ «ኒው» ይባላል።

እዚህ ላይ የችግሩ ሁሉ ሥር ይገኛል። በፐርል የክላሱ ስም ሌላ፣ ክላሱ የተጻፈበት ፋይል ሌላ ነው። ስሙን መጥራት ብቻውን ፋይሉን አያመጣውም። አንድ ሰው ሞጁሉ እንዲመጣ ሳያዝ «ተማሪ ሆይ፣ አዲስ ኦብጀክት ስጠኝ» ቢል፣ ፐርል «ኒው የሚባለውን ሜተድ በተማሪ ውስጥ አላገኘሁም፤ ምናልባት ተማሪን ማምጣት ረስተህ ይሆን?» የሚል መልእክት ያወጣል። ስለዚህ ችግር በተነሣ ቁጥር አራት ጥያቄዎችን በተራ መጠየቅ ይገባል። እነርሱም፤ የት ተፈለገ? መቼ ተጠራ? በምን ስም ተጠራ? ማንስ ማንን ይጠብቃል? የሚሉት ናቸው። በምሳሌ የምንጠቅሳቸውን ስሞች ለንግግራችን እንዲመቹ በአማርኛ እንጠራቸዋለን፤ በፕሮግራሙ ውስጥ ግን በላቲን ፊደል የተጻፉ ናቸው።

የመጀመሪያው ጥያቄ «የት ተፈለገ?» የሚለው ነው። ፐርል ሞጁል ሲጠራ በኮምፒዩተሩ ላይ ያለውን ፎልደር ሁሉ አያስስም። የአት ምልክት ባለበት «ኢንክ» በሚባል ዝርዝር ውስጥ የተጻፉትን ፎልደሮች ብቻ ከላይ ወደ ታች በተራ ይመለከታል፤ በመጀመሪያ ያገኘውንም ይወስዳል። የሞጁሉ ስም «ትምህርት::ተማሪ» ቢሆን፣ በመካከሉ ያሉት ነጥቦች የእኛን አራት ነጥብ ይመስላሉ። ነገር ግን የእኛ አራት ነጥብ ዓረፍተ ነገርን ሲዘጋ፣ የፐርል አራት ነጥብ በር ይከፍታል። ትርጓሜውም «ትምህርት ወደሚባለው ፎልደር ገብተህ ተማሪ የሚባለውን ፋይል አምጣ» ማለት ነው።

ሞጁሉ ሲታጣ የሚወጣው መልእክት ረጅም ስለ ሆነ ብዙ ተማሪ ሳያነበው ያልፈዋል። ሆኖም በዚያው መልእክት ውስጥ ፐርል የተመለከታቸው ፎልደሮች አንድ በአንድ ተዘርዝረው ይገኛሉ። ደብተር የጠፋበት ልጅ «ቦርሳውንና መሳቢያውን አይቻለሁ» ቢለን፣ ጠረጴዛው ሥር እንዳላየ ወዲያው እናውቃለን። የፐርልም መልእክት እንዲሁ ነው፤ የተፈለገበትን ቦታ ሲነግረን ያልተፈለገበትንም ጭምር ይነግረናል።

የታላላቆቻችን ፕሮግራም የቆመበት ምክንያት በዚህ ተገኘ። ቀድሞ በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ አንዲት ነጥብ ነበረች፤ ትርጓሜዋም «ፕሮግራሙ ሲነሣ ሰውየው የቆመበት ፎልደር» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 30 ቀን 2017 በወጣው በ5.26ኛው ፐርል ይህች ነጥብ ከዝርዝሩ ተሰረዘች። ምክንያቱም የጥንቃቄ ጉዳይ ነው። ሰው ሁሉ ሊጽፍበት በሚችል ፎልደር ውስጥ ቆሞ ፕሮግራም የሚያስነሣ ሰው ቢኖር፣ ተንኰለኛ ሰው በዚያ ፎልደር የሐሰት ሞጁል አስቀምጦ በባለቤቱ ሥልጣን ሊያሠራው ይችል ነበር። እንግዲህ ታላላቆቻችን በዘመናቸው ሥርዐት መሠረት በትክክል ጽፈው ነበር፤ የተለወጠው ሥርዐቱ ነው። ይህን ባናውቅ ኖሮ መልካሙን ሥራ ያረጀ ነው ብለን እንጥለው ነበር።

ለዚህ ችግር ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው «ፐርል ዩዝ አንሴፍ ኢንክ» የሚባለውን የአካባቢ ተለዋጭ 1 አድርጎ የተሰረዘችውን ነጥብ መመለስ ነው። ፕሮግራሙ ወዲያው ይነሣል። ነገር ግን «አንሴፍ» ማለት «አስተማማኝ ያልሆነ» ማለት ስለ ሆነ፣ ስሙ ራሱ ይገሥጻል። ሁለተኛው «ዩዝ ሊብ» በሚባለው ትእዛዝ ፎልደሩን በዝርዝሩ ላይ መጨመር ነው። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን የፎልደሩ አድራሻ ከቆሙበት ቦታ ተነሥቶ የሚቆጠር ከሆነ፣ ፕሮግራሙ ከሌላ ቦታ ሲጠራ እንደ ገና ይጠፋበታል። ሦስተኛው «ፋይንድቢን» የሚባለውን ከፐርል ጋር አብሮ የሚመጣ ሞጁል መጠቀም ነው። እርሱም ፕሮግራሙ ራሱ የተቀመጠበትን ፎልደር ስለሚያውቅ፣ ያንን አድራሻ ለ«ዩዝ ሊብ» እንሰጠዋለን። በእኛም ፕሮግራም ላይ ይህን ሁለት መሥመር ጨመርን፤ ከየትም ቢጠራ ሞጁሉን የሚያገኝ ሆነ። በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ለሚሠሩት ፕሮግራሞች ሁሉ አንድ ፎልደር ማሳየት ለሚፈልግ ደግሞ «ፐርል5ሊብ» የሚባል የአካባቢ ተለዋጭ አለ።

በዚሁ ጥያቄ ሥር ሁለት ነገር እንጨምር። የአንድ ሞጁል ሁለት ቅጂዎች በሁለት ፎልደር ቢገኙ፣ በዝርዝሩ ላይ የሚቀድመው ያሸንፋል። አንዱን ቅጂ እያረምን ምንም ለውጥ ካላየን፣ ፐርል ሌላውን እያነበበ ሊሆን ይችላል። ይህንንም ለማወቅ የፐርሰንት ምልክት ያለበትን ሁለተኛውን «ኢንክ» ማሳተም ነው። እርሱ እንደ ክፍል ስም መጥሪያ የመጡትን ሞጁሎች ከየት እንደ መጡ ጭምር መዝግቦ ይዟል። ሁለተኛው ነገር በፍላሽ ዲስክ ስለሚዛወር ሞጁል ነው። በፐርል ብቻ የተጻፈ ሞጁል አብዛኛውን ጊዜ ተገልብጦ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ይሠራል። ከፊሉ በሲ ቋንቋ የተጻፈው ግን ለአንድ ዐይነት ፐርል ተብሎ የተሰናዳ ስለ ሆነ፣ በአዲሱ ኮምፒዩተር ላይ እንደ ገና መሰናዳት አለበት እንጂ መገልበጥ አይበቃም።

ሁለተኛው ጥያቄ «መቼ ተጠራ?» የሚለው ነው። ፐርል አንድን ፕሮግራም ሲቀበል ሁለት ጊዜያት አሉት። በፊተኛው ጊዜ ጽሑፉን አንብቦ ያሰናዳል፤ በኋለኛው ጊዜ የታዘዘውን ይፈጽማል። «ዩዝ» የሚባለው ትእዛዝ ሞጁሉን የሚያመጣው በንባብ ጊዜ ነው። «ሪኳየር» የሚባለው ደግሞ በሥራ ጊዜ ነው። ከዚህ ልዩነት የሚወለዱት ችግሮች ብዙዎች ናቸው።

ለምሳሌ አንድ ተማሪ በዝርዝሩ ላይ ፎልደር የሚጨምር ተራ ትእዛዝ በመጀመሪያው መሥመር ጽፎ፣ በሁለተኛው መሥመር «ዩዝ» ብሎ ሞጁሉን ቢጠራ አያገኘውም። በገጹ ላይ የሚቀድመው በጊዜ ግን ይዘገያልና። የመጀመሪያው መሥመር የሥራ ጊዜ እስኪደርስ ሲጠብቅ፣ ሁለተኛው በንባብ ጊዜ ተፈጽሟል። መድኃኒቱ በ«ዩዝ ሊብ» መጠቀም ወይም ትእዛዙን «ቢጊን» በሚባል ክፍል ውስጥ አስገብቶ በንባብ ጊዜ እንዲፈጸም ማድረግ ነው። እንዲሁም «ይህ ቢሆን ብቻ ሞጁሉ ይምጣ» ብሎ «ዩዝ»ን በሁኔታ ውስጥ መክተት ጥቅም የለውም፤ ሁኔታው ከመመርመሩ በፊት ሞጁሉ መጥቷልና። እንዲህ ላለው ነገር «ሪኳየር» ይገባል።

በውርስም ላይ ይኸው ነው። «ተማሪ» የሚባለው ክላስ «ሰው» ከሚባለው ክላስ እንዲወርስ ሲፈለግ፣ የወላጁ ስም «ኢዛ» በሚባል ዝርዝር ውስጥ ይጻፋል። ነገር ግን የወላጁን ስም መጻፍ የወላጁን ፋይል አያመጣም። አንድ ልጅ በምዝገባ ቀን የአባቱን ስም ስላስመዘገበ አባቱ በትምህርት ቤቱ ቅጥር ግቢ እንደማይገኝ ሁሉ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከፐርል ጋር አብሮ የሚመጣው «ፓረንት» የሚባለው ሞጁል ሁለቱንም በንባብ ጊዜ ይፈጽማል፤ ወላጁን ያመጣል፣ ስሙንም ያስመዘግባል። ወላጅና ልጅ በአንድ ፋይል ውስጥ ተጽፈው ከሆነ ግን የሚመጣ ሌላ ፋይል ስለሌለ፣ «ኖሪኳየር» የሚል ቃል ተጨምሮ «ስሙን ብቻ መዝግብ» ይባላል።

ሦስተኛው ጥያቄ «በምን ስም ተጠራ?» የሚለው ነው። የእኛ ፊደል ታላቅና ታናሽ የሚባል መልክ የለውም፤ የላቲን ፊደል ግን አለው። ስለዚህ ይህ ነገር ለእኛ ተማሪዎች በቀላሉ ይሰወራል። በሊኑክስ ላይ በታላቅ ፊደል የተጀመረ የፋይል ስምና በታናሽ ፊደል የተጀመረ ስም ሁለት ልዩ ልዩ ስሞች ናቸው። በዊንዶውስ ላይ ግን እንደ ልማዱ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። በዊንዶውስ ላይ ስሙ ተዛብቶ ቢጠራ ፋይሉ ይገኛል፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው የፓኬጅ ስም በሌላ መልክ ስለ ተጻፈ፣ ዝም ብሎ አልፎ ቆይቶ «ሜተዱ የለም» ይላል። ሞጁሉ መጥቶ ሳለ ሜተዱ ሲጠፋ፣ አስቀድሞ የፊደሉን መልክ ማመሳከር ነው።

ሌላም አለ። አንዳንድ ጊዜ የሚያስፈልገው ክላስ ስም አስቀድሞ አይታወቅም። መዝገቡ በወረቀት ይታተም ወይስ በገበታው ላይ ይታይ የሚለውን ተጠቃሚው ሲመርጥ፣ የክላሱ ስም በተለዋጭ ውስጥ ተቀምጦ ይመጣል። «ሪኳየር» ስሙ በቀጥታ ሲጻፍለት ነጥቦቹን ወደ ፎልደር ይተረጉማል። በተለዋጭ ሲቀርብለት ግን እንደ ፋይል ስም ቆጥሮ እንዳለ ይፈልገዋል፤ አያገኘውምም። ስለዚህ ነጥቦቹን ወደ ፎልደር መለያ ለውጦ፣ በመጨረሻውም የሞጁል ፋይል ምልክት የሆነውን «ፒ ኤም» ጨምሮ መስጠት ይገባል። ይህን በራስ እጅ ከመሥራት ይልቅ ከፐርል ጋር የሚመጣውን «ሞጁል ሎድ» መጠቀም ይቀላል። ስሙም ከተጠቃሚው የመጣ ከሆነ፣ አስቀድሞ ከተፈቀዱት ስሞች ዝርዝር ጋር ሳይመሳከር ሊጠራ አይገባም።

አራተኛው ጥያቄ «ማን ማንን ይጠብቃል?» የሚለው ነው። «ተማሪ» የሚባለው ሞጁል «ክፍል» የሚባለውን ይጠራል እንበል፤ «ክፍል»ም መልሶ «ተማሪ»ን ይጠራል። ፐርል ተማሪን ማንበብ ሲጀምር ገና ሳይጨርስ ስሙን በመጡት መዝገብ ላይ ያሰፍራል። በመካከሉ ወደ ክፍል ይሄዳል። ክፍል «ተማሪ ይምጣልኝ» ሲል ፐርል መዝገቡን አይቶ «መጥቷል» ይለዋል፤ ተማሪ ግን ገና ግማሹ አልተነበበም። በዚህ ምክንያት ክፍል ከተማሪ የሚቀበላቸው ተግባሮች በዚያ ሰዓት አይገኙም። ይህ አሠራር ባይኖር ሁለቱ ሞጁሎች ያለ መጨረሻ ሲጠራሩ ይኖሩ ስለ ነበረ፣ ፐርልን ልንወቅሰው አንችልም።

መድኃኒቱ ሦስት ዐይነት ነው። አንደኛ፣ ተግባሮችን በስም ከመዋስ ይልቅ በኦብጀክቱ ላይ እንደ ሜተድ መጥራት ነው፤ ሜተድ የሚፈለገው በተጠራበት ሰዓት ስለ ሆነ፣ እስከዚያ ሁለቱም ተነበው ይጨርሳሉ። ሁለተኛ፣ ጥሪውን ከፋይሉ ራስጌ አንሥቶ በሚያስፈልግበት ሜተድ ውስጥ በ«ሪኳየር» ማድረግ ነው። ሦስተኛውና የሚሻለው፣ ሁለቱም የሚፈልጉትን የጋራ ነገር ለይቶ በሦስተኛ ሞጁል ማኖር ነው። የፊተኞቹ ሁለቱ ችግሩን ዞረው ያልፋሉ፤ ሦስተኛው ግን ችግሩን ያጠፋዋል።

ከዚህም ጋር አንዲት ትንሽ ሕግ አለች። ሞጁሉ ተነቦ ሲያበቃ «አዎን» የሚል መልስ መስጠት ስላለበት፣ በፋይሉ መጨረሻ 1 ቁጥር ይጻፋል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2023 የወጣው 5.38ኛው ፐርል፣ ፋይሉ ራሱ የአዲሱን ቁጥር ሥርዐት እንደሚከተል ካስታወቀ ይህን ግዴታ አንሥቶለታል። ነገር ግን ሥራችን በአሮጌ ኮምፒዩተርም ላይ እንዲሠራ የምንፈልግ ከሆነ፣ አንዲቱን ቁጥር መጻፍ አያደክምም።

ክቡራንና ክቡራት፤ አሁን ወደ ዋናው ምክራችን እንመለስ። ችግርን ዞሮ ማለፍ በራሱ ነውር አይደለም፤ ነገር ግን ምን እንዳለፉ ማወቅ ይገባል። «ኢቫል» የሚባለው ትእዛዝ ስሕተት ቢነሣም ፕሮግራሙ እንዳይቆም ያደርጋል። ቢገኝ የሚጠቅም፣ ባይገኝም የማይጎዳ ሞጁልን በኢቫል ውስጥ መጥራት መልካም ነው። ነገር ግን ሞጁሉ አለመኖሩና ሞጁሉ እያለ በውስጡ ስሕተት መኖሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኢቫል ሁለቱንም በአንድ መጋረጃ ስለሚሸፍን፣ መልእክቱን ሳያነቡ ማለፍ የታመመን ሰው «ቤት የለም» ብሎ እንደ መሄድ ነው። ደግሞም ንባቡ የተሰናከለ ሞጁል ሁለተኛ ጊዜ ሲጠራ፣ ፐርል «እንደ ገና ማምጣት ተከልክሏል» ብቻ ይላል፤ እውነተኛው ምክንያት በመጀመሪያው መልእክት ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ብዙ መልእክት ሲደረደር ከላይኛው መጀመር ይገባል።

በመጨረሻም፣ ዞሮ ማለፊያ ያደረገ ሰው ሁሉ በዚያው ፋይል ላይ ሦስት ነገር ይጻፍ። ችግሩ ምን እንደ ነበረ፣ በስንተኛው ፐርል ላይ እንደ ታየ፣ ማለፊያውም መቼ ሊነሣ እንደሚችል ያስታውቅ። ታላላቆቻችን በየሞጁሉ ራስጌ ላይ ዓላማውን በአጭሩ ጽፈው ስለ ተዉልን ሥራቸውን ለመረዳት ቀንቶናል። እኛም ለሚቀጥሉት እንዲሁ ለማድረግ ጀምረናል። የጨመርናቸው ሁለቱ መሥመሮች ከነምክንያታቸው በፕሮግራሙ ራስጌ ላይ ተጽፈው ይገኛሉ። ከአሥር ዓመት በኋላ በዚህ ክበብ የሚቀመጥ ተማሪ ማን እንደሚሆን አናውቅም። የጻፍነውን ሲከፍት ግን መላ ምት ሳይሆን መንገድ እንዲያገኝ እንመኛለን።

እናንተም ውድ ጓደኞቻችን፣ የተጠራው ነገር ሳይመጣ ሲቀር «ይህ መሣሪያ ጠላኝ» ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ የሌላውንም ሥራ ለመጣል አትቸኩሉ። የት፣ መቼ፣ በምን ስም፣ ማንስ ማንን ይጠብቃል ብላችሁ በተራ ጠይቁ። መልሱ ብዙ ጊዜ በዚያው በምትሸሹት መልእክት ውስጥ ተጽፏል።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑርልን!